አሥራ ሦስቱ አንጓዎች

ኦርፋ ትሪፕሌት ከጓሮዋ የማገዶ ክምር ሥር ያገኘችው አባጨጓሬ ከራሱ እስከ ጭራው ከሰል የመሰለ ጥቁር ነበር። ለምልክት እንኳ አንድ ዳማ፣ ቡናማ ጠጉር የለበትም። ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካ ብታደርገው እንደ ልማዱ ጥቅልል አለ።

«ተባረክ የኔ ጌታ» አለችው። «አደራህን፣ ዛሬ ጉድ እንዳትሠራኝ።»

ለአባጨጓሬ የምትማጠን አሮጊት አይታችሁ ላታውቁ ትችላላችሁ። እኛ ተራራ ላይ ግን ጥቅምት በገባ ቁጥር ትልቁም ትንሹም መሬት መሬት እያየ ነው የሚሄደው። አባጨጓሬው አሥራ ሦስት አንጓ አለው፤ የበረዶው ወራትም አሥራ ሦስት ሳምንት ነው። ጥቁሩ አንጓ ክፉ ሳምንት፣ ዳማው ደህና ሳምንት፤ የሚነበበውም ከራሱ ወደ ጭራው ነው። አስተማሪዎቹ ቀለሙ የሚለዋወጠው በዕድሜውና በእርጥበቱ ነው ይሉናል። ይበሉ! የእነሱ ቤት የሚሞቀው ግድግዳ ላይ ያለች ቁልፍ ሲጫኑ ነው። ማገዶ ፈልጦ የሚሞቅ ሰው ግን ከሰማይም ከምድርም ወሬ መለመኑ አይቀርም።

በመንደራችን በስቶኒ ጋፕ አባጨጓሬ የሚያነበው የኦርፋ ባል ኮንሊ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አንብቧል። በጥቅምት ሦስተኛው ቅዳሜ ሰው ሁሉ የየራሱን አባጨጓሬ በጠርሙስ፣ በክብሪት ቀፎ፣ በባርኔጣ ይዞ ሱቁ ፊት ለፊት ይሰበሰባል። ከአንድ ረጅም ሳንቃ ላይ ክሮች ይንጠለጠላሉ፤ አባጨጓሬዎቹ ክሩን ይዘው ሽቅብ ይወጣሉ፤ ቀድሞ ጫፍ የደረሰው ለኮንሊ ይሰጣል። ኮንሊ በመዳፉ ይዞ ያነባል፣ ነገረኛው በርል ግሪር በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ሰሌዳው እስከ ፋሲካ የሱቁ በር ላይ ተሰቅሎ ይከርማል፤ ሰው ማገዶ የሚቆልለውም፣ ሠርግ የሚቀጥረውም እሱን እያየ ነው። ኮንሊ ተሳስቶ አያውቅም አልልም። አንድ ዓመት «ደህና ነው» ባለ በሦስተኛው ሳምንት በረዶው የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ይዞት ወረደ። ያን ጊዜም ቢሆን «እኔ ያነበብኩት አባጨጓሬውን ነው፤ እግዜርን መቼ አነበብኩ?» ብሎ አፋቸውን አስያዛቸው።

ታዲያ ኦርፋ ጥቁር አባጨጓሬ ለምን አማራት? ጤነኛ ሰው የሚመኘው ዳማውን ነው።

ነገሩ ከባለፈው ጥር ይጀምራል። በረዶው ጉልበት ደርሶ ሳለ ማገዶ ልታመጣ ወጣች፣ ክምሩ አጠገብ አዳለጣትና በጎኗ ወደቀች። ትንፋሿ ቁርጥ አለ። ልትጮህ ብትሞክር ድምፅ አልወጣ አላት። ጥቂት ቆይቶ ኮንሊ ገመድ ከበረንዳው ምሰሶ ጋር አስሮ፣ ጫፉን በወገቡ ጠምጥሞ፣ «ኦርፋ! ኦርፋ!» እያለ መጣ። ወደ እሷው ነው የመጣው። ቀይ ካፖርቷን ለብሳ ነጭ በረዶ ላይ ተጋድማለች፤ ዓይኑን ካልጨፈነ በቀር የሚስታት ሰው የለም። ኮንሊ ግን በሦስት እርምጃ ርቀት አለፋት። ስሟን እየጠራ አለፋት። እየዳኸች በረንዳው ላይ ስትደርስ የሱም ድምፅ ተዘግቶ ነበር።

«የት ነበርሽ አንቺ ሴት?»

«ዶሮዎቹ ጋ ነበርኩ። ምን ያስጮህሃል?»

ጎኗን ሁለት ወር ሙሉ ሲወጋት ከረመ። ትንፍሽ አላለችም። በሳምንቱ ደግሞ እሱ ደረቱን ታመመ፤ መንገዱ ዘጠኝ ቀን ተዘጋ፤ አምቡላንሱ ከሥር ካለው ድልድይ ማለፍ አቃተው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በረዶ እያቀለጠች፣ ሽንኩርት እያፈላች፣ ትንፋሹን እየቆጠረች ተቀመጠች። እግዜር ይመስገን ተረፈ።

መጋቢት ላይ ሸለቆው ውስጥ ወዳለ ዓይን ሐኪም ወሰደችው። የዓይኑ መሀል ሞቷል፤ የቀረለት ዳር ዳሩ ብቻ ነው፤ እሱም ጥላ እንጂ ቀለም አይለይም። ለዚህ ነው ሲሄድ በር የማይገጨው፣ ሰው የማይጠረጥረው። ፊት ለፊት ያለ ነገር ግን፣ የሚስቱም ፊት ቢሆን፣ ለእሱ ግራጫ ጭስ ነው።

«እና ያለፈውን ዓመት አባጨጓሬ እንዴት አነበብከው?» አለችው ሲመለሱ።

«በግምት።»

ሳቋም ዕንባዋም አንድ ላይ መጣ። መኪናዋን ዳር አስይዛ ቆመች።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አላት። «ሰው ሲያዝንልኝ ማየት አልወድም።»

«አታየውም፣ አይዞህ» አለችው።

ልጃቸው ሬንዳ ሸለቆው ውስጥ ባለው ከተማ ትኖራለች። ምድር ቤቷን አጽድታ፣ አልጋ ዘርግታ፣ «ከበረዶው በፊት ውረዱልኝ» እያለች በየሳምንቱ ትደውላለች። ኮንሊ ጭራሽ አልሰማ አለ። አያቱ የሠራው ቤት ነው፤ እሱም የተወለደው እዚያው ኩሽና ውስጥ ነው። ነሐሴ ላይ ሱቁ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በርል ግሪር እንደ ልማዱ «ትወርዳለህ ወይስ አትወርድም?» እያለ ሲነዘንዘው፣ ትዕግሥቱ አለቀና አፉን ከፈተ።

«ስሙኝ ሁላችሁም። የዘንድሮው አባጨጓሬ ሰባት አንጓ ጥቁር ካለው፣ ኮፍያዬን አድርጌ ያለ አንድ ቃል እወርዳለሁ። ስድስት ከሆነ ግን ከዚያ ቤት የምወጣው በሣጥን ነው። ሬንዳም ትስማ፣ ኦርፋም ትስማ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ኮንሊ ደግሞ ቃሉን ከሚያጥፍ ጣቱን ቢቆርጥ የሚመርጥ ደረቅ ሰው ነው። ኦርፋ ግን የዚያን ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ ልቧ ቀለል አላት። አሸናፊውን አባጨጓሬ የሚያነበው ባሏ ነው፤ ለባሏ የምታነብለት ደግሞ እሷ ናት።

ዘዴውን ያወጡት በመስከረም ነበር። እሱ አባጨጓሬውን በቀኝ መዳፉ ይይዛል፣ እሷ ደግሞ አጠገቡ ቆማ የግራ ክንዱን ትይዛለች። አንዴ ጫን ስታደርገው ጥቁር፣ ሁለቴ ስትጫነው ዳማ። ኩሽናቸው ውስጥ በባቄላ ፍሬ ደጋግመው ተለማመዱት። የጫነችውን ሁሉ ይላል። እና ለአሥራ ሦስቱም አንጓ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ብትጫነውስ? አለቀ፣ ይወርዳሉ። በዚያ ቤት ሌላ በረዶ ቢመጣ እሷ ብትወድቅ የሚያገኛት የለም፤ እሱ ቢወድቅ የምታነሳበት ጉልበት የላትም። ከሁለቱ ማን ቀድሞ እንደሚወድቅ ብቻ ነው ያልታወቀው።

አንድ ነገር ግን አላሰበችም ነበር፤ ያሰበችው በቅዳሜው ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ተገላብጣ ሲነጋጋ ነው። አባጨጓሬው በሰው ሁሉ ፊት ነው የሚያዘው። በርል ግሪር አፍንጫውን ኮንሊ መዳፍ ውስጥ ሊከት ምን ቀረው? ዳማውን ኮንሊ «ጥቁር» ቢል፣ ዕውር መሆኑን የሰማ ያልሰማ ያውቃል። ያውም በሚስቱ እጅ ተዋርዶ። ለዚህ ነው እንግዲህ በጠዋት ተነስታ ማገዶ ሥር ጎንበስ ያለችው። እውነተኛ ጥቁር ካሸነፈ መዋሸትም አያስፈልግ፣ ማዋረድም አያስፈልግ።

ፒክአፑን የምትነዳው እሷ ናት፤ ለሰው ግን «ጉልበቱን ያመዋል» ነው የሚባለው።

«አገኘሽ?» አላት ኮንሊ።

«አገኘሁ። የለየለት ጥቁር።»

«አንቺማ ጥቁር ነው ማለትሽ አይቀርም።»

«ዓይን አለህና ትከራከረኛለህ!»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና እጁን ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገ። «ኦርፋ፣ ያየሽውን ብቻ ነው የምትጫኚው፣ እሺ? እጅሽን አምኜ ነው የምቆመው።»

«ሌላ ምን ልጫን ኖሯል?» አለች፤ ጆሮዋ እስኪግል ድረስ አፈረች። ያኔ እንኳ አሳቧን አልተወችም።

ሱቁ ደጃፍ ሰው ሞልቷል። የባቄላ ሾርባው በትልቅ ድስት ይንተከተካል፣ ሁለት ሽማግሌዎች ባንጆና ቫዮሊን ይዘው ይፎካከራሉ። በርል ግሪር ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ገና ከሩቅ ጀመረ።

«እትዬ ኦርፋ! ምነው ክንዱን እንዲህ ሙጭጭ አልሽ? በዚህ ዕድሜው የት ይሄድብኛል ብለሽ ነው?»

«ካንተ ጋር እንዳይውል ነው። የሚያበላሸው ባልንጀራ አይጠፋም።»

«ጋሼ ኮንሊ፣ ሻንጣ አዘጋጅተሃል ወይስ ሣጥን?»

«ለአንተ አፍ የሚሆን ቡሽ ነው ያዘጋጀሁት» አለ ኮንሊ፣ ሰው ሳቀ።

አባጨጓሬዎቹ ክር ላይ ወጡ። የኦርፋ ጥቁር አባጨጓሬ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ክሩ ሥር ጥቅልል ብሎ ተኛ። እፍ ብትለው አልሰማ፣ ብትቆጣው አልሰማ፣ በጉንጯ ብታሞቀው ጭራሽ ባሰበት። ፖስታ አዳይዋ ሎዲማ ከመንገድ ዳር ያነሳችው አባጨጓሬ ግን እሳት የተነሳበት ይመስል ሽቅብ ተፈተለከና ጫፍ ደረሰ። ሰው አጨበጨበ። ሎዲማ በሁለት እጇ ይዛ ስታመጣው ኦርፋ አየችው። ሁለት ጫፉ ላይ ትንሽ ጠቆር ብሎ፣ መሀሉ በሙሉ አሁን ከምጣድ የወጣ ብስኩት ነው። አሥራ አንድ ዳማ፣ ሁለት ጥቁር።

ኮንሊ መዳፉን ዘረጋ። ሎዲማ አኖረችለት። የተጠቀለለ አባጨጓሬ አይነበብም፤ ራሱ የት እንደሆነ የሚታወቀው መሄድ ሲጀምር ነውና ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ጠበቀ። አባጨጓሬው ቀስ ብሎ ተዘረጋ፣ መሄድ ጀመረ።

«ራሱ በየት በኩል ነው?» አለ ኮንሊ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«ወደ አውራ ጣትህ» አለች።

የመጀመሪያው አንጓ እውነትም ጥቁር ነው። አንዴ ጫነችው።

«ጥቁር!» አለ ኮንሊ በዚያ የቤተ ክርስቲያን ድምፁ። በርል ጻፈ።

ሁለተኛው ዳማ ነው። የኦርፋ ጣቶች ክንዱ ላይ ደረቁ። አንዴ ብትጫን ይላል፤ ምን ጥርጥር አለው? ይወርዳል፣ ይሞቀዋል፣ በሕይወት ይከርማል። በርል ግሪር ግን ይኸው ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት አንገቱን አስግጎ አባጨጓሬው ላይ አፍጥጧል። ቀና ብላ የባሏን ፊት አየች። አገጩን ከፍ አድርጎ፣ ነጩን ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ እንደ ሠላሳ አንዱ ዓመት ሁሉ ቆሟል። እጅሽን አምኜ ነው የምቆመው ብሏታል። አልቻለችም። በፍጹም አልቻለችም። እግዜር የፈቀደው ይሁን፣ በረዶም ከሆነ በረዶ ይብላን ብላ ሁለት ጊዜ ጫነችው። ዕንባዋ መጣ።

«ጥቁር» አለ ኮንሊ።

አልሰማኝም ብላ እንደገና፣ ጠበቅ አድርጋ፣ አንድ፣ ሁለት ብላ ተጫነችው።

«ሁለተኛው ጥቁር ነው አልኩ እኮ! ጻፍ እንጂ በርል።»

«ኧረ ጋሼ ኮንሊ!» በርል ከት ብሎ ሳቀ። «የቱ ነው ጥቁሩ? ይኼ በቅቤ የሚበላ ብስኩት ነው!»

ሰውም ሳቀ። ኮንሊ አልሳቀም። «ሦስተኛው» አለ። ኦርፋ ሁለት ጊዜ ተጫነችው፣ ጥፍሯ ሥጋው ውስጥ እስኪገባ። «ጥቁር» አለ። አራተኛው፤ ሁለት ጊዜ። «ጥቁር።» አምስተኛው። «ጥቁር።» በጆሮው «ዳማ ነው፣ ምን ነካህ!» አለችው። ጭራሽ የሰማም አልመሰለ። አባጨጓሬው በዚህ መሀል መዳፉን ለቆ የእጅጌውን ቁልፍ አልፎ ክንዱ ላይ ወጥቷል፤ ኮንሊ ግን ባዶ መዳፉ ላይ እንዳፈጠጠ «ስድስተኛው ጥቁር» አለ።

ሳቁ የቆመው ያኔ ነው። መጀመሪያ ፊት ያሉት፣ ከዚያ ኋላ ያሉት። ሎዲማ አፏን በእጇ ያዘች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። በርል ባዶውን መዳፍ አየ፣ ቀና ብሎ የኮንሊን ዓይን አየ፣ ኦርፋን አየ። ኦርፋ ፊቷን አዞረችበት።

ኮንሊ አልተቻኮለም። አንድ በአንድ፣ እየተነፈሰ፣ አሥራ ሦስተኛው ላይ ደረሰ። «ጥቁር። አሥራ ሦስቱም ጥቁር ነው። ሰባት ነበር ያልኳችሁ፤ ይኸው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ቃሌ ቃል ነው። እኔና ኦርፋ እንወርዳለን።»

ነገር ካልጫረ የማያድረው፣ በለቅሶ ቤት እንኳ ቀልድ የማይተወው በርል ግሪር ጠመኔውን አነሳና ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር፤ እስከ አሥራ ሦስት ድረስ፣ ሳይዘል። ከዚያ ጠመኔውን ኪሱ ከተተ።

«ጽፌዋለሁ ጋሼ» አለ። «ጥቁር ነው። እኔም አይቼዋለሁ።»

ሎዲማ አባጨጓሬውን ከኮንሊ ትከሻ ላይ አንስታ በክብሪት ቀፎ አድርጋ ለኦርፋ ሰጠቻት። የተነበበ አባጨጓሬ አይጣልም፤ አንባቢው ወስዶ ከራሱ ማገዶ ሥር ያስተኛዋል፤ እዚያ እንደ ድንጋይ ደርቆ ከርሞ ሚያዝያ ላይ ይነሳል።

ኦርፋ መኪናው ውስጥ እስኪገቡ ታገሰች። በሩ እንደተዘጋ ፈነዳች።

«አብደሃል አንተ ሰውዬ? ዳማ ነበር! ሁለት ጊዜ ነው የተጫንኩህ! ክንድህ እስኪቆስል ተጫንኩህ!»

«አውቃለሁ። ዓይኔ እንጂ ቁጥር አልጠፋኝም። አሥራ አንድ ዳማ፣ ሁለት ጥቁር።»

«እና ምን ሆነህ ነው? አገር ሁሉ አወቀብህ እኮ!»

«ይወቅ» አለ። እሷም ግማሽ መንገድ አለቀሰች፣ ግማሽ መንገድ ተሳደበች።

ሲደርሱ «ወደ ማገዶው ውሰጂኝ» አላት። ክንዱን ይዛ ወሰደችው። ክምሩ አጠገብ ሲደርሱ ቆመ።

«የት ላይ ነበር የወደቅሽው?»

«መቼ ነው የወደቅኩት?»

«በጥር።»

«ምን ወደቅኩ? ዶሮዎቹ ጋ ነበርኩ አላልኩህም?»

«ዶሮዎቹን ኅዳር ላይ አርደን ጨርሰናቸው ነበር፣ ኦርፋ።»

እውነቱን ነው፤ የመጨረሻዋን ዶሮ እሷው ነበረች የነጨቻት። ከጥር እስከ ጥቅምት፣ ስንት ወር ሙሉ፣ ይህን ይዞ ዝም ብሏል። እሷ ደብቄዋለሁ ብላ ስትኖር እሱ እንደሚያውቅ ደብቋት ኖሯል።

«ጎንሽን ይዘሽ ስትነሺ አልጋው ይነግረኛል» አለ። «ንገሪኝ። እዚህ ነው?»

እጁን ይዛ ክምሩ ጥግ ካለው ቦታ ላይ አኖረችለት። ተንበረከከ፤ የክብሪቱን ቀፎ ተቀብሎ በዳበሳ ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ አባጨጓሬውን እዚያው አስተኛው። እንደተንበረከከ ጠየቃት።

«እና እኔ በየት በኩል አለፍኩሽ?»

ሩቅ ነበር ልትለው ትችል ነበር። ማን ያውቅባታል?

«በዚህ በኩል» አለችው። «ሦስት እርምጃ ነው።»

ተነስቶ ረገጠው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እዚያ ቆሞ ወደ እሷ ዞረ፤ እንደ ሁልጊዜው በዓይኑ ዳር ሊያያት ትንሽ ሳት አድርጎ ከትከሻዋ አጠገብ አፈጠጠ። እሷ ሦስቱን እርምጃ ሄዳ አቀፈችው።

«ለሬንዳ ደውዪላት» አለ። «ነገ ትምጣ በያት። ያን ቀይ ካፖርትሽን እንዳትረሺው።»